እምቢ ስትያቸው

እህት ዓለም፣ የጠየቅሽኝ የገባሽበት ቡድን ትምህርት ልክ ይሁን ስህተት እንድነግርሽ ነው። እሱን ለጊዜው ተይው። በትምህርት ከተከራከርሻቸው ትደክሚያለሽ፤ ጥቅሱን ከአንቺ በላይ ሸምድደውታል፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄሽ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፣ አንቺ አንድ ስትይ እነሱ አሥር ይላሉ። በመጨረሻ ዝም የምትይው ስላመንሽ ሳይሆን አቅም ስላለቀብሽ ነው፤ እነሱ ግን እሺ እንዳልሽ ይቆጥሩታል። እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። አንዲት ትንሽ እምቢታ ሞክሪ። «በዚህ ሳምንት አልመጣም፣ እናቴ ጋ ነኝ» በያቸው። «ይህን ገንዘብ አሁን አልሰጥም» በያቸው። ምክንያት አትደርድሪ። ከዚያ ማን እንደሚደውልልሽ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደውልልሽ፣ ድምፁ መቼ እንደሚለወጥ አስተውዪ። ስለ ቡድኑ ማወቅ ከሚያስፈልግሽ አብዛኛው እዚያ ውስጥ አለ።

ለምን ይህን እንደምል እንዲገባሽ የጆንስታውንን ታሪክ ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጂም ጆንስ የሚባል ሰባኪ በ1950ዎቹ ኢንዲያና ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ። በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ አንድ አግዳሚ ላይ በማይቀመጥበት ዘመን የእሱ ምእመናን አብረው ይዘምሩ፣ አብረው ይበሉ ነበር። በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ አረጋውያንን ይጦራሉ፣ የተራበ ያበላሉ፣ ፖለቲከኞች ያከብሯቸዋል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የጡረታ ቼካቸውን ለማኅበሩ የሚያስረክቡ እናቶች ጥቂት አልነበሩም። አንዳቸውም ወደ ጥፋት እየሄድን ነው ብለው አልገቡም። ፍትሕ ፈልገው፣ ሰው ፈልገው፣ የሚጦራቸው ፈልገው ገቡ።

ከዚያ ደቡብ አሜሪካ፣ ጋያና ጫካ ውስጥ ጆንስታውን የተባለ የእርሻ መንደር ቆረቆሩ። እዚያ ሲደርሱ ፓስፖርታቸው ተሰበሰበ። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ አሳምራ ታስረዳሻለች። የሚጻፈው ደብዳቤ ይመረመራል። የጆንስ ድምፅ በድምፅ ማጉያ መንደሩን ሞልቶት ይውላል። አንዳንድ ሌሊት ሁሉም ተቀስቅሶ ጠላት ሊመጣብን ነው፣ አብረን እንሙት እየተባለ ልምምድ ይደረግ ነበር። ዴቦራ ሌይተን የተባለች የጆንስ የቅርብ ሰው በ1978 ግንቦት ላይ አምልጣ ወጣች፤ በሰኔ ደግሞ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል በቃለ መሐላ አስጠነቀቀች። ከልቡ የሰማት ግን ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር የአሜሪካ ኮንግረስ አባሉ ሊዮ ራያን ጋዜጠኞችንና የተጨነቁ ዘመዶችን አስከትሎ መንደሩን ሊያይ ሄደ። እራት ቀረበ፣ ሙዚቃ ተመታ፣ ልጆች ጨፈሩ። ራያን ራሱ ተነሥቶ እዚህ መኖራቸውን ከሕይወታቸው መልካም ነገር ሁሉ የሚያስበልጡ ሰዎች እንዳሉ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንግዳ ያየው ይህን ነው። በዚያው ሌሊት ግን ከአባላቱ አንዱ ከዚህ አውጡን የሚል ብጣሽ ወረቀት ለእንግዶቹ አቀበለ። በማግሥቱ ከደርዘን ትንሽ የሚበልጡ ሰዎች «እኛም እንሄዳለን» አሉ። ወደ ሺህ ከሚጠጋ መንደርተኛ ይህ ቁጥር ምንም አልነበረም። ጆንስ ግን አልቻለውም። ራያንና ሌሎች አራት ሰዎች አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በጥይት ተገደሉ፤ በዚያው ምሽት መንደሩ ውስጥ ከ900 በላይ ሰው በመርዝ አለቀ፤ ከ300 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

ጭብጨባው ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር አየሽ? የቡድኑን ማንነት የገለጠው ስብከቱም፣ ዝማሬውም፣ እራቱም አይደለም። ጥቂት ሰዎች ቤታችን እንሂድ ማለታቸው ነው።

አንቺ ያለሽበት ቦታ ጆንስታውን ነው አላልኩም። እንዲህ ካሉት ቡድኖች አብዛኞቹ ማንንም አይገድሉም። የሚበሉት ዕድሜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ የተቋረጠ ትምህርት፣ መሪው አልፈቀደም ተብሎ የቀረ ጋብቻ፣ መሪው ፈቅዷል ተብሎ የተፈጸመ ጋብቻ፣ ለእናት ሕክምና የተቀመጠ ብር፣ «ሙታን ሙታናቸውን ይቅበሩ» ተብላ ያልቆመችበት የአባቷ ቀብር። ይህ የመጨረሻው ለእኛ አገር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳሽ አያስፈልግም። ከወጡ በኋላ ካነጋገርኳቸው ሴቶች ገንዘቡን ለመርሳት የቻሉ አሉ፤ ቀብሩን የረሳች የለችም።

ሰው «እንዴት የተማረች ልጅ?» ይላል። በ1995 ቶኪዮ ውስጥ የምድር ባቡር ተሳፋሪ ላይ ሳሪን የተባለ መርዝ ከለቀቁት፣ ኦም ሺንሪክዮ የተባለ የሃይማኖት ቡድን አባላት መካከል የልብ ቀዶ ሐኪም ነበረ፣ የፊዚክስ ምሩቃንም ነበሩ። ዕውቀት አያስጥልም። ወሳኙ ጊዜው ነው። ሰው የሚገባው ሲጎድልበት ነው፤ ከምረቃ በኋላ ሥራ ሲጠፋ፣ እጮኛ ሲሄድ፣ ወላጅ ሲሞት፣ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ደርሶ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ቋንቋውም ብርዱም አልገፋ ሲለው። ያን ጊዜ ስምሽን በቅጡ ሳይዙ «እንወድሻለን» የሚሉሽ ሰዎች ይመጣሉ። ታክሲ ያሳፍሩሻል፣ ልደትሽን ያከብሩልሻል፣ ስታለቅሺ አብረው ያለቅሳሉ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከልባቸው ነው፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ፍቅሩ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ቅድመ ሁኔታውም የሚነገርሽ ዘግይቶ ነው።

ጎረቤት «አፍዝ አደንግዝ አስነክተዋት ነው» ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እንዲህ ብለን ካመንን ልጅቷ ስትወጣም ሌላ መድኃኒተኛ ፍለጋ እንሮጣለን። የሚሠራው ነገር ከዚህ ይልቅ ተራ ነው። እንቅልፍሽ ይቀንሳል፤ የሌሊት ጸሎት፣ የንጋት ስብሰባ፣ ቅዳሜና እሑድ አገልግሎት። ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ ቡና የምትጠጪበት ሰዓት ይጠፋል። ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ ሰባኪ፣ ዜና እንኳ «ያረክስሻል» ይባላል። ከዚያ ወደ ቤተሰብሽ ይመጣሉ። እናትሽ ላይ መንፈስ አለ፣ ከአያትሽ የወረደ እርግማን አለ፣ እህትሽ ትቀናብሻለች። ይህን ሲሉሽ መቼም ሁሉም ቤት ቁስል አለና አንድ እውነት ይነካሉ። እናትሽ ተቆጪ ናት፤ እህትሽም አንድ ጊዜ ቀንታብሽ ታውቃለች። ከዚያች እውነት ተነሥተው ከቤትሽ ያስወጡሻል።

ምስጢር መናዘዝ ደግሞ አለ። ሮበርት ሊፍተን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ ከቻይና እስር ቤቶች ወጥተው ሆንግ ኮንግ የደረሱ ሰዎችን አነጋግሮ በ1961 መጽሐፍ አሳተመ። ሊያውቅ የፈለገው ጤነኛ ሰው ያልሠራውን ወንጀል አምኖ እስኪናዘዝ እንዴት እንደሚደርስ ነበር። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ በሰው ፊት ማለቂያ የሌለው ኑዛዜ ነው፤ ሰውየው በየቀኑ አዲስ ጥፋት ከራሱ ላይ መቆፈር አለበት። በአብዮቱ ዘመን የኖሩትን አክስቶቻችንን ጠይቂያቸው፤ በጥናት ክበብና በቀበሌ ስብሰባ ሂስና ግለ ሂስ የሚባለው ሰውን ምን ያደርገው እንደነበር ይነግሩሻል። መናዘዝ በራሱ ክፉ አይደለም። የንስሐ አባት የሰሙትን ይዘው ይቀበራሉ፤ ለሦስተኛ ሰው ማውጣት አይፈቀድላቸውም። ለቡድን መሪሽ በእንባ የነገርሽው ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት «ትንቢት» ሆኖ መድረክ ላይ ከተነገረ፣ ወይም እምቢ ባልሽ ቀን ከመሳቢያ ከወጣ፣ የነገርሽው ለአባት አልነበረም።

ጾምም ላይ ቆም ልበል፤ እኛ ጾም የምናውቅ ሕዝብ ነን፣ ስለዚህም ለመታለል ቅርብ ነን፣ ለመለየትም ቅርብ ነን። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ፖል ማኬንዚ የተባለ የቀድሞ ታክሲ ነጂ ማሊንዲ ከተማ ላይ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት አትላኩ፣ ሐኪም ቤት አትሂዱ እያለ ያስተምር ነበር። በ2019 ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋ፤ ተከታዮቹም ሻካሆላ የሚባል ጫካ ገቡ። በ2023 ከዚያ ጫካ ጉድጓዶች ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ከክርስቶስ ጋር ለመገናኘት ራሳችሁን አስርቡ ተብለው ነው፤ እንደ መርማሪዎቹ አባባል ቀድመው እንዲራቡ የተደረጉት ልጆች ናቸው። ማኬንዚ ተከሷል፤ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏል።

አሁን ይህን ከሁዳዴ ጋር አስተያዪው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሲገባ የሚፈታበት ቀን ይታወቃል፣ በግም ተገዝቶ ይጠበቃል። ሕፃን አይጾምም፤ እርጉዝ፣ አራስ፣ በሽተኛ ቢበሉ ማንም አይፈርድባቸውም። ረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለምታጠባው እናት ፈቃድ አለው። ለዘመናት የኖረ ሥርዓት የሰውን አቅም ያውቃል። አንድ ሰው ተነሥቶ መፍቻ የሌለው፣ ሕፃንና በሽተኛ የማይለይ ጾም ካዘዘሽ፣ ከየትኛውም መጽሐፍ ጥቅስ ቢያወጣ፣ ያን ዕለት ቤትሽ ሂጂና ብዪ። መድኃኒትም እንዲሁ። እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች መድኃኒታቸውን እየተዉ በነበረበት ጊዜ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ፓትርያርክ ያልከለከለውን ክኒን የሚያስጥልሽ ሰው ማን ነው?

ሃይማኖት ብቻ እንዳይመስልሽ። ኒው ዮርክ ግዛት አልባኒ አካባቢ ኔክሲየም የሚባል ድርጅት የራስን አቅም የማሳደግ ሥልጠና ይሸጥ ነበር፤ ተዋናዮችና የሀብታም ልጆች ከፍለው ገቡበት። ውስጥ ለውስጥ የተቋቋመው የሴቶች ክበብ ለመግባት «ዋስትና» ይጠይቃል፦ የራቁት ፎቶ፣ ቤተሰብን የሚያዋርድ ደብዳቤ፣ ቢወጣ የሚያጠፋሽ ነገር። ከዚያ ሴቶቹ ገላቸው ላይ በእሳት ምልክት ተደረገባቸው። መሪው ኪት ራኒየር በ2019 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2020 የ120 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በእኛም ከተማ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው «ሕልምሽን የሚገድሉ ኔጌቲቭ ሰዎችን ከሕይወትሽ አውጪ» የሚሉ አሠልጣኞችና የኔትወርክ ሰዎች አሉ። ሁሉም ክፉ አይደሉም። ግን ኔጌቲቭ የተባለችው እናትሽ ከሆነች፣ እናትሽም ያለችው «ብሩን ከየት አመጣሽው?» ብቻ ከሆነ፣ የቱ እንደሚሻልሽ አስቢበት።

ጥሩ ስብስብ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ አትሂጂ፤ የእናትሽን ዕድር ተመልከቺ። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ተመርጠው ይገባሉ፣ ተመርጠው ይወርዳሉ። ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል፤ የጎደለ ካለ አንዷ እናት ተነሥታ ትጮሃለች፣ ብትጮህም ማንም መንፈስ አለባት አይላትም። ሰፈር ለቀሽ ስትሄጂ ትወጫለሽ፤ መዋጮሽ ሊቀር ይችላል፣ ሰላምታሽ ግን አይቀርም። አንቺ ያለሽበት ቦታ ሒሳቡን ያየ አለ? መሪውን ማን ሊያወርደው ይችላል? የወጡት ሰዎች ስማቸው እንዴት ይነሣል? ከወጣ ሰው አንድ እንኳ በመልካም የሚነሣ ከሌለ፣ ሁሉም «ከሃዲ» ወይም «አጋንንት የገባባት» ከሆኑ፣ ነገ የአንቺም ስም እንዲሁ ነው የሚነሣው።

ለመውጣት ከወሰንሽ አዋጅ አታስነግሪ። መጀመሪያ ሰነዶችሽን ሰብስቢ፤ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር። የስልክሽንና የባንክሽን የይለፍ ቃል ለውጪ። ከቡድኑ ውጭ ያለ አንድ ሰው ይወቅ። ከዚያ አጭር መልእክት ላኪ፦ «ከዛሬ ጀምሮ አልመጣም፤ እባካችሁ አትደውሉልኝ።» ምክንያት ከጻፍሽ ምክንያቱን ሊያፈርሱ ይመጣሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ሲሉሽ አትሂጂ፤ በተለይ ብቻሽን፣ በተለይ ማታ። ፎቶ ወይም ድምፅ ይዘው የሚያስፈራሩሽ ከሆነ ማስፈራሪያውን አታጥፊው፣ አስቀምጪው። በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ምስል እበትናለሁ እያሉ ሰውን ማስፈራራት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚያስቀጣ ነው፤ ፖሊስ ጋ ስትሄጂ ይህን ጠቅሰሽ ሂጂ። እነሱ ቤት የምትኖሪ ከሆነ ወይም ባልሽ ውስጥ ካለ፣ መውጫውን ከዘመድ ጋር ቀን ቆርጠሽ፣ ማረፊያ አዘጋጅተሽ አድርጊው። በጥድፊያ አይሆንም።

ከወጣሽ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ማንም ቀድሞ አይነግርሽም፤ ብዙዎች ተመልሰው የሚገቡትም በዚህ የተነሣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እፎይታ ይኖራቸዋል። ከዚያ ባዶነት ይመጣል። ለዓመታት ሰዓትሽን ሌላ ሰው ሲሞላልሽ ኖሯል፤ አሁን ከሰዓት በኋላው አያልቅም። ምን ልብላ፣ ምን ልልበስ የሚለው ያስለቅስሻል፤ እያንዳንዱን ነገር ጠይቀሽ ስታደርጊ ስለኖርሽ የመምረጥ አቅምሽ ዝሏል። በትንሹ ጀምሪ። ዛሬ ሽሮ ነው ወይስ ምስር፣ በእግር ነው ወይስ በታክሲ። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ስለ ትዳር፣ ስለ አገር መልቀቅ፣ ሥራ ስለመተው ያለውን ትልቅ ውሳኔ ግን አቆዪው። እንቅልፍሽን መልሺ፣ ትኩስ ነገር ብዪ፣ ደምሽን ተመርመሪ። ለወራት ያልጠገበና ያልተኛ ሰው ነፍሱ የታመመች ይመስለዋል፤ ከሕመሙ ከፊሉ ግን የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ መዝሙራቸው ይከፈታል። ጉልበትሽ ይርዳል፣ እንደ ድሮው እንባሽ ይመጣል፣ «መንፈሱ እየጠራኝ ነው» ትያለሽ። አይደለም። ገላሽ ያንን ዜማ ከብዙ ሌሊት ድካምና ልቅሶ ጋር አብሮ ስለተማረው ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ የት ነኝ፣ አጠገቤ ማን አለ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ካልቻልሽ ውረጂና በእግርሽ ሂጂ። ያልፋል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ እየቆየ ይራራቃል።

እርግማኑም አለ። «ከዚህ የወጣች መኪና ይገጫታል፣ ማኅፀኗ ይዘጋል» ብለውሻል። እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ክፉ ነገር አንቺን ማግኘቱ አይቀርም፤ ማንን ሳያገኘው ይቀራል? ስልክሽ ይሰረቃል፣ ትታመሚያለሽ፣ ዘመድ ይሞታል። ያን ጊዜ «ይኸው ደረሰብኝ» እንዳትዪ ከአሁኑ ነግሬሻለሁ። ባሉበት የቀሩትም ይታመማሉ፣ ይሰረቃሉም፤ የእነሱ «ፈተና» ይባላል፣ የአንቺ «ቅጣት»።

ቤተሰብሽ ደስ ብሏቸው አንድ ስህተት ሊሠሩ ይችላሉ፤ «ያስነኩሽ ነገር ይውጣልሽ» ብለው ሌላ አጥማቂ፣ ሌላ ነቢይ ጋ ሊወስዱሽ ይነሣሉ። በፍቅር ነው። ቢሆንም እምቢ በያቸው። ከአንድ ሰው እጅ ወጥተሽ ወደ ሌላ ሰው እጅ አትግቢ። ስለ እምነትሽ ለመወሰን ማንም አያስቸኩልሽ። መጸለይ ካቃተሽ አትጸልዪ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሻል። የድሮ ደብርሽ፣ ቸርችሽ ወይም መስጊድሽ መሄድ ከናፈቀሽ ሂጂ፣ ከኋላ ተቀመጪ፣ በፈለግሽ ሰዓት ውጪ። ማንም ለምን ወጣሽ ካላለሽ ይህም አንድ መልስ ነው።

ኀፍረቱ ከሁሉም ይከብዳል። ሰፈሩ ያወራል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል አይጠፋም። ታሪክሽን ለሁሉም የመንገር ዕዳ የለብሽም። ለጠየቀ ሁሉ «ጥሩ ጊዜ አልነበረም፣ አሁን ደህና ነኝ» ይበቃዋል። ሙሉውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ንገሪ፤ የማይደነግጥ፣ የማይስቅ፣ አንቺን የማያቋርጥ ሰው ምረጪ። ጻፊውም። ከገባሽበት ቀን ጀምረሽ ማን ምን አለሽ፣ ምን ተሰማሽ፣ መቼ ነው መጀመሪያ የጠረጠርሽው፣ ያን ጥርጣሬ ማን ዝም አሰኘው። ስትጽፊ አእምሮሽ ዝም ብሎ እንዳልኖረ ታያለሽ፤ ደጋግሞ ሲያንኳኳ ኖሯል። ያንን ማየት ኀፍረቱን ከምንም በላይ ያቀልለዋል። ጥሩ የነበረውንም ጻፊ። ጓደኞችሽ እውነተኛ ነበሩ፣ ዝማሬው ያምር ነበር፣ የታመመ ጠይቀሻል። የሚናፍቅሽ ነገር መኖሩ መመለስ አለብሽ ማለት አይደለም፤ ሐዘን ነው፣ ሐዘን ደግሞ መቀመጥ ይፈልጋል።

እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ መብላት ካቃተሽ፣ መኖር ምን ያደርግልኛል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ለነገ አታሳድሪው፤ ሰው አጠገብሽ ይሁን፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤል ገባች ይሉኛል ብለሽ አትፍሪ። ሐኪሙ ስለ እንዲህ ዓይነት ቡድን ብዙ ላያውቅ ስለሚችል በግልጽ ንገሪው፦ ምን ያህል ዓመት እንደነበርሽ፣ እንዴት እንደሚያስተኟችሁና እንደሚያበሏችሁ፣ ምን ብለው እንዳስፈራሩሽ። ለንደን ያሉ ዘመዶችሽ ስለ አንድ ቡድን መጠየቅ ከፈለጉ ከ1988 ጀምሮ ኢንፎርም የሚባል ተቋም አለ፤ ይህንኑ ነው የሚያጠናው።

የቀረችው አንቺው ወደ ቡድኑ ያስገባሻት ጓደኛሽ ናት። አውቃለሁ፣ ከራስሽ ይልቅ በእሷ ነው የምትቃጠዪው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤተሰቦች ሰው ቀጥረው ልጆቻቸውን ከየቡድኑ በጉልበት ያስጠልፉ፣ ክፍል ዘግተው ያስለፈልፉ ነበር። ፍርድ ቤት አደረሳቸው፣ አንዳንዱንም ልጅ የባሰ አጥብቆ ወደ ቡድኑ መለሰው። ሻካሆላም ከጫካው ከወጡት ውስጥ አንበላም ያሉ 65 ሰዎች ራስን ለመግደል በመሞከር ተከሰው ፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ። በጉልበትና በቅጣት የሚሆን ነገር አይደለም። ስቲቭን ሀሰን የተባለው ሰው ዛሬ በዚህ ጉዳይ መጻሕፍት ይጽፋል፤ በ19 ዓመቱ ሰን ሚዩንግ ሙን የተባለ የሃይማኖት መሪ ተከታይ ሆኖ ነበር። ሳይተኛ እየዞረ ለቡድኑ ገንዘብ ሲሰበስብ ቆይቶ በ1976 የመኪና መሪ ላይ እንቅልፍ ጣለውና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ከሆስፒታል ማን ጋ ደወለ መሰለሽ? እህቱ ጋ። ቤቷ አረፈ፤ ቤተሰቡም ከቡድኑ የወጡ ሰዎችን አምጥቶ አነጋገረው። መደወል የቻለው የሚደውልላት ሰው ስለቀረችለት ነው።

እና ስልኳን ታውቂዋለሽ፤ ደውዪላት። ስለ መሪው አታንሺ፣ ስለ ትምህርቱ አትከራከሪ፣ «ነግሬሽ ነበር» የሚል ድምፅ አይኑርሽ። እናቷ እንዴት እንደሆኑ ጠይቂያት። ስለ አዲሱ ሥራሽ ንገሪያት፤ የት እንደምትኖሪ፣ ሁለተኛ ፍራሽ እንዳለሽ አንድ ጊዜ ብቻ በይና እለፊ። ካላነሣች በጽሑፍ ላኪላት። ካልመለሰች ለእንቁጣጣሽ ደውዪ፣ ለገና ደውዪ፣ ለፋሲካ ደውዪ። ቁጥርሽን ግን አትለውጪ።